«ልቀቁኝ» ላሉን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ብርሃነመስቀል፣
የፖቶማክ ዳርቻ ኢትዮጵያውያን ስፖርት ማኅበር የዘላለም፣ ይቅርታ፣ የወቅቱ ሊቀመንበር፣
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ምን ከርሟል? የደም ግፊትዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንዲሁም በማኅበራችን ዓመታዊ የእራት ግብዣ ላይ እስክስታውን ሲያስነኩት ቆረጥ ያደረገዎት ወገብዎ ወደ ደኅናው ተመልሶ እንደ ሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሶሊ ከሜዳ በስተቀር ምንም ያልጎደለን ደኅና ነን፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ብርድም በዚህ የፈረንጅ ክረምት ከጣት አልፎ የት የት እንደ ደረሰ እየነገረን ነው።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት እያሉ እንዳይጨነቁ፣ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ደሴ ላይ ልጅ ሳለሁ ኳስ ፊደልን ቀድማ ስላገኘችኝ ትምህርት ቤቱን የማውቀው ኳሳችን አጥሩን ዘላ ስትገባ ብቻ ነበር። አምና ግን ከፓርኪንግ ሥራዬ ስወጣ የማታ የፊደል ትምህርት ገብቼ በአንደኝነት ጨርሻለሁ። የተማርነው አራት ሆነን ነው፤ ይህን ግን ካልተጠየቅኩ አልናገርም። መምህራችን ወይዘሮ ውቢት «ፀሐዩ፣ አንተ እኮ በጊዜው ተምረህ ቢሆን ሚኒስትር ትሆን ነበር» ሲሉኝ፣ «ሚኒስትር እንኳ ይሻራል እትዬ፣ ሊቀመንበር ብሆን ይሻለኛል» ብያቸዋለሁ።

ደብዳቤዬን በየሱቁና በየምግብ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። የስልክዎ የመልእክት ሳጥን ከሞላ ዓመት ስላለፈው፣ እንጀራ ሲገዙ ያነቡታል ብዬ ነው። ተናዶ የጻፈው ነው እንዳይሉኝም፤ መናደዱ ድሮ ቀርቷል። ጉዳዬ አንድ ነው፤ የልጆቻችን የእሑድ ሜዳ። ወደዚያ ለመድረስ ግን በተራ ማመስገን ያለብኝ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን አመሰግናለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የተለቃቀምነውን የታክሲ ሾፌሮች፣ የሆቴል ሠራተኞችና የኮሌጅ ተማሪዎች ሰብስበው ማልያችን ላይ «ብሔራዊ» ብለው ያስጻፉልን እርስዎ ነዎት። እኔ በረኛ በነበርኩበት ዘመን ይህ ቡድን ዋንጫ ይዞ፣ መኪናውን ደርድሮ፣ ከዩ ስትሪት እስከ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ጥሩንባ እየነፋ ያለፈ ቡድን ነው። በዚያን ጊዜ አጥቂዎች ፍጹም ቅጣት ምት ከመምታታቸው በፊት መጥተው ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉ ምስክሮች ጥቂት ስለሆኑ በነፃነት እናገራለሁ።

ባለፈው የበጋ ውድድር ግን ከሌላ ከተማ በቫን ተጨናንቆ ከመጣ ቡድን ጋር ገጥመን ስምንት ለዜሮ ተሸኘን። የመጀመሪያው ጎል ሲገባ ሰው ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ዳኛውን ሰደብን። ስድስተኛው ሲገባ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሳምቡሳ ይበላ ነበርና፣ እኔም ከየት እንደ ገዛው ጠየቅኩት። እሱም «ከወዲያኛው ድንኳን፣ ግን ቃሪያው ይበዛበታል» አለኝ። ሰባተኛውን ያላየሁት ሳምቡሳ ልገዛ ስለ ሄድኩ ነው። ስመለስም ማንም ገባ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ክቡርነትዎ ቡድኑን ብቻ ሳይሆን ደጋፊውንም እንዲህ አድርገው ከደም ግፊት ስላዳኑት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የእህትዎ ልጅ ማቲያስ አሥር ቁጥር ለብሶ ሙሉውን ጨዋታ መጫወቱን አልቃወምም። ጨዋ ልጅ ነው፣ የማንንም ኳስ አይቀማም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጃኬቱ። የኮሚቴው አባላት በሙሉ የማኅበሩ አርማ ያለበት ሰማያዊ ጃኬት በልካቸው አሰፍተው መምጣታቸው ውድድሩን አድምቆታል። የተጠባባቂ ተጫዋቾች ወንበር ላይ ጃኬት የለበሰው ስለ ተቀመጠበት ተጠባባቂዎቹ ቆመው ዋሉ፤ ይህም እግራቸውን ሳያፍታታው አይቀርም። ልጄ ሶሊ እርስዎን ከሩቅ አይታ «ዳዲ፣ ሰውዬው የሆቴሉ ማናጀር ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ የስፖርት መሪያችን ናቸው» ስላት፣ «ኦኬ፣ ሂ ሉክስ ናይስ» አለች። አድናቆቷ ይድረስዎት ብዬ ነው።

ሦስተኛ፣ እነሆ ሜዳው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ሰፈር ያለውን የሣር ሜዳ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ በየዓመቱ ለጠየቀ ማኅበር እሑድ እሑድ ይሰጣል። የሚፈለገው በክረምት ማመልከትና የሊቀመንበር ፊርማ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። የልጆቹን ቡድን የምታሠለጥነው ሰርክአዲስ መሆኗን ያውቃሉ፤ በሥራ ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው ስትንከባከብ ትሰነብትና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን አጣጥፋ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ክፍያ የላትም፣ ጃኬትም የላትም።

ይህቺ ሴት አምና ማመልከቻውን ሞልታ፣ ባቡር ቀይራ፣ አሌክሳንድሪያ ታክስ ቢሮዎ ድረስ ለአንዲት ፊርማ መጣች። እርስዎም እንደ አባት አስቀምጠው፣ ሻይ አዘው፣ «ሰርኬ፣ አሁን የእራቱ ግብዣ አናቴ ላይ ወጥቷል፣ ከእራቱ በኋላ ብቅ በይ» አሏት። ከእራቱ በኋላ መጣች፤ «ከፈረንጅ ገና በኋላ» አሏት። ከፈረንጅ ገና በኋላ መጣች፤ «እንዴ፣ የኛ ገና ሳያልፍማ» አሏት። የኛም ገና አለፈ፣ መጣች፤ «ከጥምቀት በኋላ በርግጠኝነት» አሏት። የሁለት ሀገር በዓል በሚያከብር ቢሮ ፊርማ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ካውንቲው ከየት ይወቅ! «በኋላ፣ በኋላ» ሲባል የማመልከቻው ቀን አለፈና ሜዳው ለሌላ ተሰጠ። በዘንድሮው እራት ላይ ግን «ስፖርትን ከሥር መሠረቱ ላሳደጉ» የሚል የምስክር ወረቀት ለራስዎ ሲሰጡ ሰርክአዲስ ከኋላ ጠረጴዛ ተቀምጣ አጨብጭባለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ፊቷን አየሁት፤ ምንም አልነበረበትም። እንዲያው ታጨበጭብ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ክሪኬት ያለኝን ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ሜዳችንን ያገኙት ክሪኬት ተጫዋቾች ናቸው። ሊቀመንበራቸው ራሺድ ከእኔ ጋር በአንድ ፓርኪንግ የሚሠራ ገንዘብ ተቀባይ ነው። ማመልከቻውን የፈረመው በምሳ ሰዓት ሳንድዊች በግራ እጁ ይዞ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ክሪኬት ማለት ሰው በነጭ ልብስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዱላ ይዞ የሚጠብቅበት ጨዋታ ነው። መጠበቅ ስለ ለመድን ለኛ ሰው አይከብድም።

ልጆቻችን በልማድ እሑድ ወደ ሜዳው ሲሄዱ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። በኋላ ከሜዳው የሚወጣ ኳስ ማቀበል ጀመሩ። በኋላ ራሺድ ለሶሊ ዱላውን አስያዛት። አሁን ሶሊና ሦስት ጓደኞቿ የክሪኬት ቡድን አባል ናቸው። ማኅበራችን በእርስዎ አመራር ለሕዝባችን ያፈራቸው ብቸኛ ወጣት ስፖርተኞች የክሪኬት ተጫዋቾች መሆናቸውን በሪፖርትዎ ውስጥ ስላላየሁ፣ ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው የማስታውስዎ።

ራሺድን ሜዳውን በማግኘትህ ደስ ብሎህ ይሆናል ስለው ራሱን ነቀነቀ። የሱም ሀገር ብሔራዊ ቡድን እንደ ወደቀ ነገረኝ። «እኛ ሰፈር ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ሕንፃ ሠሩበት፤ ከዚያ ሕንፃው ውስጥ ቁጭ ብለው ቡድኑ ለምን ወደቀ ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ» አለኝ። ተናደህ ነበር ወይ አልኩት። «መጀመሪያ አዎ፣ አሁን ውጤቱን እንኳ አልጠይቅም» አለኝ። እኔም የሳምቡሳውን ነገር ነገርኩት። ሁለታችንም መኪና ስናስገባ ዋልን።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። እርስዎ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ማጉያውን ይዘው «ወገኖቼ፣ እኔ ደክሞኛል፣ ለወጣቶች ልልቀቅ፣ እባካችሁ ልቀቁኝ» ይሉናል። እኛም ሰው በማዕድ ላይ «በቃኝ» ሲል ጨምሩልኝ ማለቱ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ስለ ሆንን፣ ከየወንበራችን ብድግ እያልን «በሞቴ»፣ «አይሆንም»፣ «እርስዎን ትተን ማንን» ስንል ኖረናል። የሚጀምሩልን ጋሽ ጀላልዲን ናቸው፤ ባለሱቁ። «በአላህ ይዤዎታለሁ!» ሲሉ አዳራሹ ይነሣል። እርስዎም ዓይንዎን በመሀረብ ጠረግ አድርገው «እንግዲህ ካላችሁ» ይላሉ። ያቺ «ካላችሁ» ስንቱን ዓመት እንደ በላች እግዜር ይወቀው።

ባለፈው እሑድም እንዲሁ «ልቀቁኝ» አሉ። ከዚያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ማንም አላደመም፣ ማንም አልተማከረም፤ ሰው ዝም ብሎ ዝም አለ። እርስዎ ወደ ጋሽ ጀላልዲን ተመለከቱ። እሳቸው ብርቱካን ይልጡ ነበር። ቢመለከቷቸው፣ ቢመለከቷቸው፣ በመጨረሻ ቀና ብለው «ይበላሉ?» ብለው አንድ ክፋይ ዘረጉልዎ። ሰርክአዲስ መስኮቱን ታይ ነበር። እኔም ቢሆን «በሞቴ» ልል አፌን ከፍቼ፣ ቃሉ ከውስጥ አልመጣ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ እርስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው «እንግዲህ እንዲህ ካስጨነቃችሁኝ ምን አደርጋለሁ፣ እቀጥላለሁ» አሉ። ያጨበጨበው ማቲያስ ብቻ ነው፤ እሱም ስልኩን ጭኑ ላይ ካስቀመጠ በኋላ።

ክቡር ሆይ፣ በአዳራሹ የነበርን ሁሉ እንመሰክራለን፤ ማንም አላስጨነቀዎትም። የሰሙት ያለፈውን ዓመት ጩኸት ይሆናል።

ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት ያቀረቡልንን ልመና ሳንሰማ በግድ ስላስቀመጥንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የመልቀቂያ ጥያቄዎንም በታላቅ አክብሮት ተቀብለናል። የማኅበራችን ደንብ ሊቀመንበሩ በጉባኤ ፊት «ልቀቁኝ» ካለና አባላቱ ካልተቃወሙ ሌላ ሊቀመንበር ይመረጣል ይላል። ደንቡን ማን አነበበልህ እንዳይሉኝ፣ አንደኛ ወጥቻለሁ ብያለሁ እኮ። በመጪው እሑድ ከቀትር በኋላ በጋሽ ጀላልዲን ሱቅ ተሰብስበን ሰርክአዲስን እንመርጣለን። እሷ «አልፈልግም» ካለች እናምናታለን፣ ሌላ እንፈልጋለን። ከፈለገች ግን ማመልከቻውን እዚያው ትፈርማለች፤ የካውንቲው የማመልከቻ ቀን ደግሞ የካቲት ሳይጋመስ ያበቃል፤ በመካከል ገና የለም።

ልጆቹ ሜዳውን ካገኙ ጠዋቱን ለራሺድ፣ ከሰዓቱን ለኛ አድርገን እንካፈላለን፤ ከራሺድ ጋር ጨርሰናል። ሶሊን ክሪኬቱን ትተይዋለሽ ወይ ስላት «ዳዲ፣ ቦዝ፣ ሁለቱንም እፈልጋለሁ» ብላለች። ደስ ብሎኛል ልበል? ገና አልተሰማኝም። ሣሩ ላይ ሲሮጡ ካየሁ በኋላ ምናልባት ይሰማኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ አልጽፍም፣ እጮኻለሁ።

ቀሪ ዘመንዎ የዕረፍት፣ ወገብዎም የጤና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ስሜን በገዛ እጄ አስፍሬ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞው በረኛ፣ የአሁኑ አንባቢ፣
ፀሐዩ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 2006 ዓ.ም.

ያልጨረስኩት፦ ጃኬቱን ይመልሱ የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባላት ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ተቃውሜአለሁ። በእርስዎ ልክ የተሰፋ ስለ ሆነ ከልጆቹ ለማንም አይሆንም። ይልቅ ሜዳው በሚከፈትበት እሑድ ለብሰውት ይምጡ፤ ወንበር ስለሌለን ሣሩ ላይ አንጥፈን ተጠባባቂዎቹን እናስቀምጥበታለን።