ከስሌቱ ሥር የተጻፈው

ሰኞ፣ ኅዳር 9

«አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንዲያውም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

የጠየቀኝ መርጋ ነው። የትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ፣ አራተኛ ክፍል እያለ እኔው ያስተማርኩት ልጅ። አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ገባና ደብተር ማገላበጥ ጀመረ። ከየስሌቱ ሥር ሦስት ነገር አስጽፋቸዋለሁ፦ ምን አሰብኩ? የት ጋ ጠፋብኝ? ነገ ምን አደርጋለሁ? አማርኛው የከበደው በቤቱ ቋንቋ ይጽፋል። ከሥልጠና ያገኘሁት አይደለም። ከመጸለዬ በፊት ራሴን የምጠይቀውን ነው የሰጠኋቸው። ይህን ለመርጋ እንዴት ብዬ ልንገረው?

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ግለ ሂስ ነው!» አለ፣ ዓይኑ በርቶ። በየስብሰባው ሰው ቆሞ ጥፋቱን የሚናገርበትን ማለቱ ነው። ዓርብ በሰልፍ ላይ ልጆቹ እንዲያነቡ፣ ከዚያ ደብተሮቹ ቢሮው እንዲቀመጡ ይፈልጋል። «መጀመሪያ ላርማቸው» ብዬ ተሸክሜያቸው መጣሁ።

ማክሰኞ፣ 10

ሰባ አንድ ደብተር። ዛሬ አነበብኳቸው። እስከ ዛሬ ምልክት አደርግ ነበር እንጂ አላነብም ነበር ለካ።

አያንቱ፣ መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው ልጅ፣ ከማካፈሉ ሥር እንዲህ ብላለች፦ «ቀሪውን ረሳሁ። ወንድሜን ለውትድርና እንዳይወስዱት ቆጥ ላይ ደብቀነዋል። ሳል ይዞታል። ጎረቤት ይሰማል ብዬ ሳዳምጥ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ነገ እሱ ሲተኛ እሠራለሁ።»

ከዚህ የተሻለ መልስ ከተማሪ አግኝቼ አላውቅም። ስሕተቷን አገኘች፣ ምክንያቱን አገኘች፣ መላ ፈለገች። ከሥሩ በቀይ የእኔ ፊርማ አለ፣ «በጣም ጥሩ» ከሚል ጋር። ባለፈው ሳምንት። ሳላነብ።

አንዱ ልጅ ደግሞ እናቱ ሰዎች ቤት ሰብስባ በስውር ስትዘምር ማጥናት እንዳልቻለ ጽፏል። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በዚያ ቤት ተሰብስበው ከሚዘምሩት አንዱ እኔ ነኝ።

ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ልጆች ምን አደረግኳቸው?

ረቡዕ፣ 11

የአያንቱን ገጽ ልገነጥል ሞከርኩ። ደብተሩ መሐሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ ነው፤ አንዱ ቅጠል ሲወጣ አቻው ይረግፋል፣ ያስታውቃል። ታመምኩ ልበል? ደብተሮቹ ጠፉ ልበል? መርጋን ልለምነው? ሁሉንም ፈራሁ። ሶሬቲ በሕይወት ብትኖር «በል መጀመሪያ ልጅቷን አናግራት» ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፣ አሁንም ከእኔ ቀድማ ታስባለች።

በዕረፍት ሰዓት አያንቱን ጠርቼ ገጹን አሳየኋት።

«ማን አየው፣ ባርሲሳ?» አለች። ልጆቹ መምህር ለማለት እንዲህ ነው የሚጠሩኝ።

«እኔ ብቻ።»

«ታዲያ ለእርስዎ ነዋ የጻፍኩት።»

ደብተሩን ዘግቼ ወደ ጓደኞቿ መለስኳት።

ሐሙስ፣ 12

ዘዴ አገኘሁ፣ ዘዴ ከተባለ። መርጋን «ደብተሩ ሥርዝ ድልዝ የበዛበት ነው፣ ለሰልፍ አይሆንም፤ በንጹሕ ወረቀት ያዘጋጁልህና ወረቀቱን ውሰድ» አልኩት። ተስማማ።

ክፍል ገብቼ የቤት ጉዳይ እንዳይጽፉ አዘዝኩ። ሰሌዳው ላይ አሰፈርኩላቸው፦ ቸኮልኩ። ሰነፍኩ። አላጠናሁም። ጉተማ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ባርሲሳ፣ እኔ ሁሉንም አግኝቻለሁ። ምን አጠፋሁ ልበል?»

«ከእኔ ተበደር፣ ሞልቶኛል!» አለው ጎኑ ያለው።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ፣ እንዳያዩኝ።

ሰባ አንድ ወረቀት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ከመስከረም ጀምሮ የለፋሁበትን በአንድ ክፍለ ጊዜ አፈረስኩት። የሁለቱን ልጆች ደብተር ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ፣ የቀሩትን መለስኩላቸው።

ዓርብ፣ 13

አነበቡ። ተጨበጨበላቸው። አያንቱም ተመርጣ አነበበች፣ አንዴ እንኳ ሳትደናቀፍ። መርጋ ትከሻዬን ይዞ «ጋሼ፣ ከነቀምቴ እስከ አንገር ጉቲን ትምህርት ቤቱ ሁሉ እንዲያደርገው ሪፖርት እጽፋለሁ» አለኝ። ከልቡ ነው። ተንኮለኛ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ስለ ቆጡ የጠየቀ የለም። ልጸልይ ተንበረከክሁ። ተመስገን ብቻ ብዬ ተነሣሁ።

ሰኞ፣ 16

ቅዳሜና እሑድ አልጻፍኩም። ምን ብዬ?

ዛሬ አጭር ፈተና ሰጠሁ። አያንቱ ማካፈሉን በሙሉ አገኘች፣ ቀሪውንም ሳትረሳ። ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ፣ ሌላ ልጅ በማይሰማው ድምፅ፣ «እንዴት አድርገሽ አሰብሽው?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንም አላሰብኩም፣ ባርሲሳ።»

ልክ ናት። እንዲህ እንድትመልስ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ወንድሟ እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ አፏን እንዲህ ከጠበቀች ወደፊትም ይተርፍ ይሆናል። ይህን ለምኜ ነበር፣ ተሰጠኝ። ብቻዋን ሆና ራሷን ስትጠይቅስ፣ ለራሷም እንዲሁ ትመልስ ይሆን? አላውቅም። ነገ ክፍልፋይ እንጀምራለን።