የከፈቱትን ዘግተው የሚያድሩት አያታችን

አያታችን በ1945 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ላይ፣ ወንዝ ዳር በተቆረቆረች ባለ አንድ ድልድይ ከተማ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ገና በዳዴ ሳሉ የእናታቸውን የስፌት መኪና እጀታ ነቅለው አልጋ ሥር ስለደበቁ፣ "ይኼ ልጅ ወይ ሌባ ይሆናል ወይ መካኒክ" ተባለላቸው። ፈጣሪ ይመስገን፣ መካኒክ ሆኑ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ያልገፉት ጭንቅላት አንሷቸው አይደለም። የአስተማሪያቸውን ብስክሌት "ላስተካክልልዎት" ብለው ፈትተው፣ መልሶ መግጠሙ ስላቃታቸው ነው። አስተማሪው ጎማውን በአንድ እጃቸው፣ መሪውን በሌላው ይዘው በእግራቸው ወደ ቤት ሲሄዱ ተማሪው ሁሉ አየ። አያታችን በማግስቱ ወደ ክፍል የሚገቡበት ዓይን አጡ። ከእፍረት ጋር የተዋወቁት ያን ጊዜ ነው፤ ትውውቁም ዕድሜ ልክ ዘለቀ።

በ1963 ዓ.ም. በውሃ መሥሪያ ቤት ጋራዥ በመኪና አጣቢነት ተቀጠሩ። ቀስ በቀስ ረዳት መካኒክ፣ በኋላም ሙሉ መካኒክና የመስክ መኪና ሹፌር ሆኑ። የጋራዡ ወለል በዘይት የጠቆረ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ነበር። "ውሃ መሥሪያ ቤት ውሃ አጥቶ አያውቅም" ይሉ ነበር፣ ባልዲ ሥሩ እያስቀመጡ።

ከውድ ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። ሴት አያቴ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ መለዋወጫ በትንሽ መስኮት ያድላሉ። መካኒኩ ጠዋት አንድ ብሎን፣ ቀትር ላይ አንድ ብሎን፣ ማታ ደግሞ አንድ ብሎን ሊጠይቁ ሲመላለሱ፣ አያቴ ትዕግሥታቸው አለቀና "ስማ አንተ ሰውዬ፣ መርከብ እየሠራህ ነው ወይስ እኔን ልታይ ነው የምትመጣው?" አሏቸው። "መርከቡማ ሰበብ ነው" አሉ። በ1970 ዓ.ም. ተጋቡ። የተሰበሰበው ብሎን ዛሬም አልጋ ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አለ።

በ1972 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አንዲት ያረጀች የመስክ መኪና "አትጠቅምም" ብሎ ሲጥል፣ አያታችን አነሷት። በሞተሯ ውስጥ ሣር በቅሏል፤ ወንበሮቿ የአይጥ ሠፈር ሆነዋል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው "እሜቴ" ብለው ስም አወጡላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያቴን "አንቺ"፣ መኪናዋን "እርስዎ" ማለት ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ከመስኮት ውጪ "እሜቴ፣ እንዴት አደሩ? ብርዱ አልጎዳዎትም?" ሲባል ስንት እንግዳ ተነሥቶ እጅ ሊነሳ ወጥቷል።

በ1973 ዓ.ም. የሆነውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ አያታችን ግን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናቸው ድረስ በራሳቸው አፍ አውርተውት አያውቁም። አያቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው፣ መውለጃቸው ገና ወር ይቀረዋል ተብሎ ነበር። አያታችን በዚህ ተማምነው ቅዳሜ ዕለት የእሜቴን ካምቢዮ ከነጥርሱ አውርደው፣ ፈታትተው፣ ግቢ ውስጥ ባነጠፉት አሮጌ አንሶላ ላይ ዘረጉት። እሑድ ቀትር ላይ ምጥ መጣ። የመካኒክ ሚስት ተይዛ የመካኒኩ መኪና አንሶላ ላይ ተኝታለች። በዚያ ሲያልፍ የተገኘው ሽንኩርት ሻጭ ጆንያውን ገፋ አድርጎ አያቴን ጋሪው ላይ አሳፈራቸው፤ አያታችንም ከኋላ እየገፉ ሮጡ። በየደጃፉ የቆመው ሰው "ምነው መካኒኩ፣ መኪናህስ?" እያለ ጠየቃቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ጋሪውን ገፉ። ልጁ ክሊኒኩ በር ላይ፣ ጋሪው ላይ ተወለደ። እናትም ልጅም ደኅና ወጡ፤ ልጁ ግን "ሽንኩርቱ" የሚል ስም ተለጥፎበት ቀረ።

አያታችን ከዚያ ወዲያ አንድ ሕግ አወጡ፦ ጠዋት የተከፈተ ማታ ይዘጋል። ሌላው ሰው አሮጌ መኪና ሲያድስ ዓመት ሙሉ በድንጋይ ላይ አስቀምጦ ነው። እሳቸው ግን እሜቴን እየነዱ አደሷት። በአንድ ቀን ተፈትቶ በአንድ ቀን የማይገጠም ነገር ከሆነ፣ ሌላውን መጀመሪያ ከውጭ አዘጋጅተው፣ አሮጌው በጠዋት ወርዶ አዲሱ ከመምሸቱ በፊት ይገባል። ሞተሯን ለማደስ ሁለተኛ ሞተር ፈልገው፣ እሱን ጓዳ ውስጥ አራት ዓመት ሲጠግኑ አያቴ ሽሮና በርበሬያቸውን የሚያስቀምጡበት አጥተው ነበር። "ሌላዋ ሴት ውሽማ ትጠረጥራለች፤ እኔ ግን ፒስተን ነው የምጠረጥረው" ይሉ ነበር። ሞተሩ ግን በአንድ እሑድ ገባ፤ ሰኞ ጠዋትም እሜቴ ሥራ ሄደች።

በዚህ ዓይነት ሠላሳ ዓመት ተሻግረው አርባ ገቡ። በሰፈራችን ምጥ የያዛት ሁሉ የምታንኳኳው የእኛን በር ነው። ሰካራምም፣ እግሩ የተሰበረም፣ ፈተና የረፈደበትም እንደዚሁ። አያታችን ማንንም "መኪናዋ ተፈትታለች" ብለው መልሰው አያውቁም። ይህን እፎይታቸው እንጂ ኩራታቸው ብለው አልያዙትም።

ውበትን በተመለከተ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እሜቴ ታሳፍር ነበር። የግራ በሯ አረንጓዴ፣ ኮፈኗ የዝገት መከላከያ ቀይ፣ የኋላ ወንበሯ ከፈረሰ ሲኒማ ቤት የመጣ ባለ ቁጥር ወንበር ነበር። ወለሏ ተበስቶ በነበረበት ዘመን የሴት ልጃቸው ጫማ በቀዳዳው ሾልኮ አስፋልት ላይ ቀርቷል። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤቱ ሁለት መታጠፊያ ቀደም ብለው "አባባ፣ እዚህ ይበቃናል፣ በእግራችን ብንሄድ ጤና ነው" እያሉ ይወርዱ ነበር። አያታችን ነገሩ ገብቷቸው "ጤናችሁን ይስጣችሁ" ብለው ያወርዷቸዋል።

በ2005 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ከእሜቴ እድሳት የቀረው የቀኝ በርና ቀለሙ ነበር። ቀለሙን ያዘገዩት ሆን ብለው ነው፤ ቀለም በአንድ ቀን አይደርቅማ።

ቀጥሎ የሚነበበው ከሕይወት ታሪካቸው እንዳይቀር ያለው የበኩር ልጃቸው ራሱ ነው። እሱ በትምህርቱ ገፍቶ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። አንድ ቀን አባቱ ምሳ ዕቃውን ሊያደርሱለት በእሜቴ ደጃፉ ድረስ መጡ። ከባልደረቦቹ አንዱ በመስኮት አይቶ "ጋሼ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ የተጣጣፈ ብርድ ልብስ?" አለው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። በዚያ ሳቁ ግን ብዙ ቀን አፈረ።

ባለፈው መስከረም አያታችን እኅታቸውን ሊጠይቁ ለሁለት ሳምንት ሲሄዱ፣ ልጃቸው "አባባን ላስደስት" ብሎ እሜቴን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጋ ወሰዳት። አያቴ "ተው ልጄ፣ ሳትነግረው አትንካት" ብለውት ነበር። "እማዬ፣ ሲመለሱ አዲስ ሆና ነው የምትጠብቃቸው" አለ። ቀጥቃጩም ጎበዝ ነው፤ ሥራውን እንደ ማንኛውም ጎበዝ ጀመረ። እስከ አጥንቷ ፈታት። ሁለት ሳምንቱ አልቆ አያታችን ሲመለሱ ግን እሜቴ ገና በየመደርደሪያው ተበትና ነበር፤ ግቢው ውስጥ የቀረው የዘይት እድፍ ብቻ ነው። ልጃቸውን "እሜቴ የት ሄዱ?" አሉት። "በሯ ቀለም እየተቀባ ነው አባባ።" "እንዲያ ከሆነ ማታ ይመለሳሉ" ብለው ወንበራቸውን ወደ አጥሩ በር አዙረው ተቀመጡ። ማታ መጣ፤ እሜቴ አልመጣችም። በማግስቱም ወንበሩ እዚያው፣ እሳቸውም እዚያው። በዚያ ሰሞን በር ያንኳኳ ጎረቤት ነበር። ልጁ በትኩሳት ነድዶበት ነው የመጣው። አያታችን ቆመው፣ ኪሳቸውን ዳብሰው፣ "መኪናዋ... የለችም" ሲሉ ያየ ሰው፣ ብስክሌቱን የፈታውን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አየ።

ሕመማቸው የልብ ነበር፤ ቀደም ብሎም የጀመራቸው ስለሆነ ሐኪሙ በማንም አላመካኘም። ሕመሙ በጠናባቸው ጠዋት ልጃቸው በአዲሱ መኪናው ሳይዘገይ ሆስፒታል አድርሷቸዋል። በተኙ በሦስተኛው ቀን ግን "ስልክ ደውልና እሜቴን ያስነሡልኝ፤ ድምፃቸውን ልስማ" አሉት። ልጅ ኮሪደር ወጥቶ ለቀጥቃጩ ደወለ። እሜቴ የምትነሣበት አንጀት አልነበራትም። ቀጥቃጩ ግቢው ውስጥ የቆመች ሌላ የመስክ መኪና አስነሥቶ ስልኩን ኮፈኗ ላይ አስጠጋ። ልጅም ስልኩን የአባቱ ጆሮ ላይ አደረገ።

አያታችን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ "ጥሩ ሞተር ነው። የማንም ትሁን፣ ባለቤቷ በደንብ ይዟታል፤ ይባረክ" አሉ። ስልኩንም በቀስታ መለሱለት።

ልጃቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን እጁን ያዙና "አይዞህ ሽንኩርቱ። እኔም አንድ ቀን ከፍቼ አድሬያለሁ። አንተ ያን ቀን ነው የተወለድከው" አሉት። ከአርባ በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ስለዚያ ቀን በራሳቸው አፍ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። በማግስቱ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አያታችን ባለትዳር፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ሴት ልጃቸው ከሩቅ አገር እስክትደርስ ቀብሩ ሁለት ቀን በመቆየቱ፣ የበኩር ልጃቸው እሜቴን ሊገጣጥም ሱሪውን ሰብስቦ ቀጥቃጩ ጋ ገባ። የጋራዡ የድሮ ጓደኞቻቸውም መነጽራቸውን እየጠረጉ መጡ። አያቴ ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥኑን አውጥተው፣ እንደ ድሮው ብሎን አንድ በአንድ አደሉ። "መርከቡ ዛሬ ደረሰ" ብለው አለቀሱ።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ይህ ሲነበብ ከአጥሩ ውጪ የምትሰሙት ድምፅ እሜቴ ናት። እባካችሁ "አጥፏት" አትበሉ፤ ማስነሻዋ ስላልተገጠመ ከጠፋች መግፋት ሊኖርባችሁ ነው። ቀለም የላትም። የቀኝ በር የላትም። ጣሪያዋ በገመድ ታስሯል። አያታችንን የምትወስዳቸው ግን እሷ ናት። መሪው ላይ ጥፍሩ በግራሶ ቅባት ጠቁሮ የተቀመጠው የበኩር ልጃቸው ነው፤ ዛሬ "ሽንኩርቱ" ብትሉት አይቆጣም። ደጃፋችሁ ላይ ቆማችሁ "መኪናህስ?" ብትሉትም፣ ይቺውና።

እኛ ቤተሰቦቻቸው አፍረናል። ሳንጠይቅ የከፈትነውን ዘግተን ስላላሳየናቸው ይቅር ይበሉን። እሳቸው ለማንም በራቸውን ዘግተው አያውቁምና ፈጣሪ የመንግሥቱን በር ወለል አድርጎ ይክፈትላቸው፤ እርሱ የከፈተውን ማንም አይዝጋባቸው። ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለአያቴም መጽናናቱን ይስጥልን።