በጋብቻ አሥራ ስምንት፣ በምርጫ አሥራ ሰባት

ለተከበሩ አቶ ደጅይጥኑ አሥራተ ማርያም
የሳንቃ በር ቀበሌ ጸሐፊና የመራጮች ዕድሜ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሰቆጣ ዙሪያ

የካቲት 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የጠፉብኝን ዓመታት ስለመጠየቅ

የተከበሩ አቶ ደጅይጥኑ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለከብትዎና ከደረት ኪስዎ ለማይለየው ማኅተም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ዕድሜዬ ቁልቁል ከመሄዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ብዙ ሰው የሚያስተናግዱ በመሆንዎ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ዓይናዲስ ካሤ እባላለሁ። የኪዳኑ ምንይሉ ባለቤት፣ የአንዲት የሦስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ለመጪው የሚያዝያ ምርጫ የመራጭነት ካርድ ለማውጣት ልጄን አዝዬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ እየተጓዝኩ ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዕድሜሽ አልደረሰም ተብዬ በክብር ተሸኝቻለሁ። ባለፈው እሑድ በተደረገው ስብሰባ ላይ ግን ሪፖርት ሲያሰሙ፣ የቀበሌያችን ወጣት ለምርጫ ያለው ፍላጎት እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን በታላቅ ሐዘን ሲገልጹ ከኋላ ቆሜ አዳመጥኩ። እጄን ለማውጣት አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን በሁለቱም እጆቼ ልጄን ይዤ ስለነበር ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድኩ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ኮሚቴዎ ለደከመልኝ ድካም ምስጋናዬን፣ ከምስጋናዬም ጋር ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ በሩ መቃን። በቀበሌያችን የልደት ወረቀት ያለው ሰው ስለሌለ፣ ኮሚቴዎ በቢሮው መቃን ላይ በከሰል አንድ መስመር አስምሮ፣ አናቱ ከመስመሩ ያለፈ ሁሉ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላው እንዲቆጠር መወሰኑን ስሰማ በጥበቡ ተደንቄ ነበር። እኔ በሁለት ጣት አነስኩ። ከእኔ በኋላ የተለኩት ጎረቤቴ እማማ ጥሩሐረግ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው ወገባቸው የጎበጠ ናቸውና፣ በአንድ ስንዝር አነሱ። ኮሚቴው በእርሳቸው ጉዳይ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተወያይቶ በልዩ ውሳኔ ሲመዘግባቸው ከልቤ ደስ አለኝ፤ እርሳቸውም ልጅነቴን መለሱልኝ እያሉ እስከ ቤታቸው ድረስ ሲስቁ ሄዱ። የአጎቴ ልጅ አስማረ ግን ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ቁመቱ ከአባቱ የበለጠ ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ በሩን አልፎ ካርድ ይዞ ወጣ። አስማረ የመጣው እንኳ ለካርድ አልነበረም፤ የጠፋች ፍየል አይታችኋል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ነበር። አሁን ካርዱን ምን ላድርገው እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ፍየሏም እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

፪. ስለ ጥርሴ። በሁለተኛው ቀን የመቃኑ አሠራር ቅሬታ ስላስነሳ ሌላ ዘዴ መገኘቱ ተነገረን። የኮሚቴው አባል አቶ ወርቅአገኘሁ በሰቆጣ ገበያ ሃያ ዓመት ሙሉ በግና ፍየል ሲያሻሽጡ የኖሩ ደላላ በመሆናቸው፣ የማንኛውንም ፍጡር ዕድሜ ከጥርሱ እንደሚያውቁ አገር ይመሰክርላቸዋል። አፌን አስከፍተው፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዙረው ከተመለከቱ በኋላ፣ የኋላው ጥርሷ ገና ነው፣ ለከርሞ ትደርሳለች ብለው አሥራ ሰባት አስጻፉኝ። ወገቤን ይዘው ሥጋዬን ስላልመዘኑ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ። እናቴ አብራኝ መጥታ ነበርና፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ከተወለድኩ ወዲህ በየዓመቱ ለሚካኤል እንደምትዘክር፣ የዘንድሮው ዝክር አሥራ ስምንተኛው እንደሆነ፣ ማኅበርተኞቿም ምስክር እንደሆኑ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ አስረዳች። ኮሚቴው በትዕግሥት ካዳመጣት በኋላ ዝክር ማስረጃ እንደማይሆን ወሰነ። የፍየል ደላላ ዓይን ማስረጃ ሆኖ የወለደችኝ እናት ቃል ማስረጃ የማይሆንበትን ሕግ አንቀጹን ቢጠቁሙኝ በጸሎቴ አስብዎታለሁ።

፫. ስለ ወረቀቶቼ። ይህን ቅሬታ ከማለት ትምህርት ብለው ይሻላል። በሦስተኛው ቀን ወረቀት ለሚወድ ቢሮ ወረቀት ይዤ ልሂድ ብዬ ሁለት ማስረጃ አመጣሁ። አንደኛው በጥር 1996 ዓ.ም. የተጻፈው የጋብቻ ውሌ ነው፤ ሙሽሪት ዓይናዲስ ካሤ፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት ይላል፤ ከግርጌው የእርስዎ ፊርማና ማኅተም አለበት። ሁለተኛው በ1998 ዓ.ም. እርከን ስንሠራ የተያዘው የሴፍቲኔት ዝርዝር ግልባጭ ሲሆን፣ ዓይናዲስ ካሤ፣ ዕድሜ ሃያ፣ ድንጋይ ተሸካሚ ይላል፤ በዚያም ላይ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም አለበት። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ የገዛ ፊርማዎን በአውራ ጣትዎ ዳሰስ ካደረጉ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳውን ቃል ተናገሩ፤ «ዓይናዲስ ልጄ፣ ያ ለጋብቻ ነው፣ ይሄ ለምርጫ ነው። ዕድሜ እኮ እንደየጉዳዩ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል ይዤ ብዙ መንገድ ሄድኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከአንጀት ከፈለጉ ዕድሜም እንደማይገድ ከእርስዎ ተማርኩ። ለሠርግ ሲፈለግ አሥራ ስምንት ተገኘልኝ፤ ለድንጋይ ሲፈለግ ሃያ ሞላልኝ፤ ለምርጫ ሲሆን ግን አሥራ ሰባት ላይ አለቀብኝ። መስከረም ላይ አገሩ ሁሉ ችቦ አብርቶ ወደ ሁለት ሺህ ሲሻገር፣ እኔ ብቻዬን ወደ ኋላ መሻገሬ ነው። በዚህ አካሄድ ለሚቀጥለው ምርጫ ስመጣ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ እንዳይሆን እሰጋለሁ። አሁን በቤታችን ዕድሜዋ በወረቀት የተረጋገጠላት ብቸኛ ሰው የሦስት ዓመቷ ልጄ ናት፤ እሷም ብትሆን የክትባት ካርድ ስላላት ነው። ባለቤቴ ኪዳኑ ካርዱን ያገኘው በጢሙ ነው።

፬. ስለ ትምህርቴ። ይህን በቁጥር ያስገባሁት ቦታ ስላጣሁለት ነው። የተዳርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከሠርጉ በፊት በነበረው ዓርብ የተሰጠኝን የሒሳብ የቤት ሥራ እስከ ዛሬ አላስረከብኩም። ይቆጨኛል። ኪዳኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ እርሱንም ያኔ የጠየቀው አልነበረም። አሁን የማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ ይህን ደብዳቤም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የፊደል ግድፈት ቢኖርበት ከሠርጌ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ይቁጠሩበት።

ሆኖም ቅሬታ ብቻ ይዞ መምጣት ነውር ስለሆነ መፍትሔም አቀርባለሁ። የእኔን ዕድሜ ከፍ ማድረግ ለቢሮው ይህን ያህል ከከበደው፣ የመምረጫውን ዕድሜ ዝቅ እንዲያደርግ ለሚመለከተው ሁሉ ቢጽፉልን ሁላችንም እናርፋለን። ለመዳር የደረሰች ለመምረጥም ደርሳለች ቢባል ምን ይጎድላል? አንዲት ልጅ ከማን ጋር ዕድሜ ልኳን እንደምትኖር በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወሰንላት ከሆነ፣ ለቀበሌ ምክር ቤት ማንን እንደምትመርጥ ራሷ ብትወስን አገር አይፈርስም። ያን ጊዜ የወጣቱ ፍላጎት ከፍ ይላል፤ ሪፖርትዎም ያምራል። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ተሰልፈው ሲመርጡ ቢያዩ እርስዎም ደስ ይልዎታል።

ካርዱን ምን ያደርግልሻል ብለው በሦስተኛው ቀን ጠይቀውኝ ሳልመልስ መሄዴ ትዝ ይለኛል። እነሆ መልሴ። ያ ማኅተም በማን ኪስ እንደሚያድር የሚወስነው ሚያዝያ ላይ የሚመረጠው ምክር ቤት ነው። ታናሽ እህቴ ብርሃን ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው ሳምንት ወደ አባቴ ቤት ሽማግሌ ተልኮ መጥቷል፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ አቶ ወርቅአገኘሁ ነበሩ። ብርሃን ውሃ ልታቀርብላቸው ገብታ ፈገግ ስትል ጥርሷን አይተው፣ ይህቺስ ደርሳለች ማለታቸውን እናቴ ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ብርሃን ሰው ፊት አትስቅም። እኔ ካርድ የምፈልገው ለዚህ ነው፤ ሌላ ፍላጎት የለኝም።

እንግዲህ የሥራ ጫናዎን እያወቅሁ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ማኅተምዎ እንዳይጠፋ፣ ከሰልዎ እንዳይሰበር፣ የአቶ ወርቅአገኘሁም ዓይን እንዳይደክም በመመኘት በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በጋብቻ አሥራ ስምንት፣ በድንጋይ ሃያ፣ በምርጫ አሥራ ሰባት፣ በእናቷ ዘንድ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ከሁለት ወር የሆናት ትሑት አገልጋይዎ፣

ዓይናዲስ ካሤ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለበሩ መቃን፣ ከመስመሩ በላይ

ማሳሰቢያ፦ ካርዱን መስጠት የማይቻል ከሆነ አልቀየምዎትም። በምትኩ ዘንድሮ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት መሆኑን የሚገልጽ፣ የተለመደው ፊርማዎና ማኅተምዎ ያለበት ወረቀት ብቻ ይስጡኝ። ከአምስተኛ ክፍል የቀረልኝ መቀነስ ነውና ቀንሼ አይቼዋለሁ፤ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ከሆንኩ በ1996 ዓ.ም. ሲድሩኝ አሥራ ሦስት ነበርኩ። ያን ወረቀትና የጋብቻ ውሌን፣ ሁለቱንም በአንድ እጅ የተፈረሙትን፣ ጎን ለጎን አድርጌ ለወረዳው ፍርድ ቤት አሳያለሁ። ስለዚህ ወይ ካርዱን ወይ ወረቀቱን ይምረጡ፤ ለዚህኛው ምርጫ የእርስዎ ዕድሜ ደርሷል። የማኅተሙ ቀለም አልቆ እንደሆነ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ብርሃን ግን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለየትኛውም ጉዳይ አሥራ ሦስት።