ቀኖናዬ ድስት ሆነ

የሽዬ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽን ዓመት ከስድስት ወር ሆነ። በልቤ ካንቺ ጋር ማውራቱን አላቆምኩም፤ የዛሬው ግን በልብ የሚያዝ አልሆነም። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ከትንሹ ልጃችን ከአበራ ደብተር ሁለት ገጽ ገንጥዬ መጻፍ ጀመርኩ። ምንታምር ድናለች! ልጃችን ድናለች፣ ሰማሽኝ?

መታመሟንስ መች ነገርኩሽ። አፍሬ ነው። አሁን ልናዘዝልሽ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ ልጅቱ ጾምሽን ሁሉ ወረሰች። በአሥራ አራት ዓመቷ ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትውል ጀመር። አልፋ ተርፋ በፈቃድ የሚጾመውን የጽጌን ጾም ያዘች። «የእማዬን ጾም እኔ ካልያዝኩላት ማን ይይዝላታል?» ስትለኝ ልቤ ሞላ። በሰንበቴው አወራሁት፣ በገበያው አወራሁት፣ ብልባላ ከተማ ድረስ ሄጄ አወራሁት። ፊቷ ሲገረጣ ጸሎቱ ነው አልኩ፤ ዝም ዝም ስትል ትሕትናዋ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ሞኝ አለ?

በጥቅምት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደሟ አንሷል አለችኝ። ጠዋት ምን በልታ እንደምትወጣ ስትጠይቀኝ ዞሬ ልጅቱን ጠየቅኋት። ለካ በጾም ቀን ባዶ ሆዷን፣ በሌላው ቀን በሻይና በቁራሽ ዳቦ ነበር የምትሄደው። ነርሷ ወደ ጎን ወሰደችኝና የወር አበባዋ ከጀመራት ወራት እንዳለፉ፣ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ደም የሚተካ ምግብ እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺ ብትኖሪ ከማንም በፊት ታውቂ ነበር።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ተናዘዝኩ፤ ልጅቱ ስትጾም ጠዋት ጠዋት ምን ላብላት ብሎ ማሰብ ቀርቶልኝ ነበር። ስንፍናዬን በእሷ ጾም ሸፍኜ ኖርኩ። አባ አላዘኑልኝም። «ጾሙን የያዘችው እሷ፣ ወሬውን የያዝከው አንተ!» አሉኝ። «እስክትድን በልታ ትውጣ፣ ኃላፊነቱ በእኔ ነው። አንተ ደግሞ ቀኖናህን ስማ።» ስግደት ስጠብቅ፣ «አርባ ቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት በገዛ እጅህ ሠርተህ አብላ» አይሉኝም! «አባ፣ እኔ እኮ ድስት አላውቅም» ብላቸው፣ «ስግደቱንስ ከእናትህ ማሕፀን ይዘኸው ወጣህ?» ብለው አባረሩኝ።

ሥራዬን ብታዪ! አበራን ወልደሽ አራስ ሳለሽ ያሳረርኩትን ሽሮ፣ እየሳቅሽ የበላሽልኝን፣ ታስታውሻለሽ? ከዚያ አልተሻልኩም ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ገንፎ ያየ አበራ «አባዬ፣ ይሄ ለግድግዳ ነው?» አለኝ። ቀስ በቀስ ግን እጄ ለመደ። በጾም ቀን ምስር በጎመን እሠራና ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ነርሷ ናት ያስተማረችኝ፣ ሻይንም ከምግብ አርቀው ብላኛለች። ባቄላ ነክሬ አበቅላለሁ፣ እንጀራ በተልባ እፈተፍታለሁ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ፣ ድሮ ተለቅሞ ገበያ ይወርድ የነበረው እንቁላል እዚሁ ቤት ቀረ። ቀይ ሥር ያበላኋቸው ዕለት አበራ «ደም ሸናሁ! ልሞት ነው!» እያለ ከጓሮ እየጮኸ መጣ። ምንታምር በሳቅ ፈርሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ካንቺ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

አንድ ጠዋት ድስቱን እያማሰልኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ ራስሽ በጽጌ እየጾምሽ፣ ለልጆቹ በሶ በጥብጠሽ ኩባያውን እስኪጨልጡ አጠገባቸው ትቆሚ ነበር። በዓይኔ ፊት ስንት ዓመት ስታደርጊው ልብ አላልኩትም። ጾምሽን ለልጅሽ ሳወራላት ይህን ግማሹን አስቀርቼባት ኖሬያለሁ። አሁን ነግሬያታለሁ። አለቀሰች፤ ከዚያ የቀረበላትን በላች።

ዛሬ ነርሷ የምንታምርን ጣት ወግታ ደሟን አየችና «ሞልቷል፣ አባቴ!» አለችኝ። ስንመለስ ዳገቱን ጥላኝ ወጣች! ከላይ ቆማ «አባዬ፣ ና እንጂ፣ አረጀህ እንዴ?» ትለኛለች፤ እኔ እያለከለክሁ እስቃለሁ፣ መንገደኛው ያየኛል። ቤት ገብተን ምስሩን አቀረብኩላት። ሳህኑን ጠርጋ፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ፣ «ጨምርልኝ» አለችኝ። ጭልፋውን ሞልቼ ጨመርኩላት፣ አሁንም ጨመርኩላት።

አርባው ቀን ካለቀ ሰነባብቷል፤ አባ በቃህ ብለውኛል። እኔ ግን ማዕድ ቤቱን አለቅም። የሙት ዓመትሽን ቀን የሚያስታውሰኝ ቄስም ጎረቤትም አይጠፋም። የእኔ ቃል ግን ይህ ነው፦ ልጆችሽ ጠግበው ከገበታ በተነሡ ቁጥር ስምሽን አስጠርቼ «እናታችንን ነፍስ ይማር» አስብላቸዋለሁ። ዕድሜ ልኬን፣ በየጠዋቱ።

ባልሽ