ለእረፍት ቀይ አፈር ሄጄ ነበር

አስቱዬ፣

እንዴት አለሽ ብዬ ልጀምር ስል እጄ ተያዘ። ከተለያየን ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት የሚወራ ጠፍቶ አይደለም። ወሬ ማውራት የአንቺ ሥራ ነው ብዬ ለሃያ ስምንት ዓመት ተኝቼበት ስለኖርሁ ነው። አሁን የማወራው ነገር አገኘሁ፤ የማወራለት ሰው ሳስብ ግን ከአንቺ ሌላ አልመጣልኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ባጃጅ አሁን እስከ በራችን ድረስ ይገባል። የጓሮው እንሰት በዝቷል፤ እህትሽ ወርቅነሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣች ትኮተኩተዋለች፣ በዚያው እኔንም ገልመጥ አድርጋኝ ትሄዳለች። ልጃችን ሕሊና ሐዋሳ ነርስነቷን ቀጥላለች። እሑድ እሑድ ትደውልና ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች። እኔም እንቁላል እላታለሁ። ባለፈው «አባዬ፣ ዶሮዎቹ እኮ ራሳቸው ሰልችቷቸዋል» አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ ከአንቺ ወዲህ አልሄድሁም፤ ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም ከጎረቤት ሱቅ እገዛለሁ። ገበያ ስሄድ ሴቶቹ ስለ አንቺ ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ አይደለም። አይጠይቁኝም፤ ሲያዩኝ ዝም ነው የሚሉት፤ የከበደኝ እሱ ነው።

ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያናችሁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አንቺ ግን አንድ ሰዓት ትፈጅበት ነበር። ይህችን ስትስሚ፣ የዚያን ልጅ ጤና ስትጠይቂ፣ ከአጥር ማዶ ካለችው ጋር በቋንቋችሁ በአሪኛ ስትሳሳቁ፣ እኔ ጃንጥላሽን ይዤ አጠገብሽ እቆማለሁ። ሰዎቹ ከአንቺ ጋር ሲጨርሱ ለእኔም እጅ ይነሱኛል። ጂንካ ላይ ብዙ ሰው ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው የነበረሽ አንቺ ነሽ።

ወንድሜ ጌታሁን ይህ ከእኔ ቀድሞ ገባው። አርባሽ ሳይወጣ ጀምሮ ከደብረ ማርቆስ እየደወለ «ጡረታህ ደርሷል፤ እዚያ ማን አለህ? አገርህ ግባ» ይለኛል። ከግቢው አንዱን ክፍል አስለስኖ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ቁልፉን ለብቻው አስቀምጦልኛል። ቢሮ ደግሞ የጡረታ ቅጽ ሰጥተውኛል። ከጡረታ በኋላ የሚኖሩበት ከተማ የሚል መስመር አለው። ሌላውን ሁሉ ሞልቼ ያንን ባዶውን ትቼ ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ አቆየሁት። ጂንካ ብዬ እንዳልጽፍ፣ ያለ አንቺ እዚህ ምን እንደሆንሁ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ብዬ እንዳልጽፍ፣ መቃብርሽ እዚህ ነው።

በዚህ መሃል የሰው ሀብት ክፍል ጠርቶኝ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዴን ካልወሰድሁ እንደሚቃጠል ነገረኝ። ለሕሊና ብነግራት ደስ አላት። ብቻህን ሂድ አለችኝ፤ ሰው የሚበዛበት፣ ጨዋታ ያለበት፣ ዓይንህ የሚፈታበት ቦታ ሂድ። አብረን እንሂድ ብላት እምቢ አለች፣ ከእኔ ጋር ከሄድህ እኔን ስታይ ትመለሳለህ ብላ። እውነቷን ነው። እኔም በልቤ አንድ ነገር ቆረጥሁ። አምስት ቀን ብቻዬን ሰው መሃል መሰንበት ከቻልሁ ጂንካ እቀራለሁ። ካቃተኝ የጌታሁንን ቁልፍ እቀበላለሁ።

ከዚያ ቦታ መምረጥ መጣ። ታውቂኛለሽ፣ ወረቀት አውጥቼ አማራጭ አንድ፣ አማራጭ ሁለት እያልሁ ጻፍሁ። ሐዋሳ ጥሩ ነው፤ ግን ሐይቁ ዳር የሚቀመጠው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ እኔ እዚያ መሃል ምን እሠራለሁ? አርባ ምንጭ ከአንቺ ጋር ሄጄበታለሁ፤ ሰረዝሁት። ቱርሚ ጭፈራው ደማቅ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ከብት ስከትብ የኖርሁ ሰው ቱርሚ ለጭፈራ ብሄድ ማን ያምነኛል? ላሞቻቸውን እየነዱ ይሰለፉልኛል። ኦሞራቴ ወንዙን ቁጭ ብሎ ማየት ያምራል፤ ሙቀቱ ግን ለጡረታ ሳያደርሰኝ ይቀራል ብዬ ተውሁት። በመጨረሻ የቀረው ቀይ አፈር ነው። በቢሮ መኪና ስንት መቶ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ አንድ ሌሊት ግን አድሬበት አላውቅም። የሐሙስ ገበያውን ከመኪና መስኮት ነው የማውቀው። የቢሮ ጓደኞቼ ከሳሎን ተነስቶ ጓዳ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው አየን ብለው ሳቁብኝ። ሳቁ ይገባኛል፤ ከጂንካ ቀይ አፈር ምን መንገድ አለው።

ረቡዕ በሚኒባስ ሄድሁ። ያረፍሁበት ቤት ባለቤት ለሥራ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለእረፍት ነው አልኋት። «ምነው፣ ታመው ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ገበያ ወጣሁ። አስቱዬ፣ እንዴት እንደሚደምቅ! በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩ፣ ከደጋ የወረደው አሪ፣ ሁሉም በየመንገዱ ይፈስሳል። ማሩ በቅል፣ ቅቤው በቅል፣ ጨሌው በየቀለሙ፣ የቡናው ገለባ በማዳበሪያ። ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ያሹ ሴቶች አሉ፤ ወንዶቹ ያቺን ትንሽ በርጩማቸውን በእጃቸው ይዘው ይዞራሉ፣ ወሬ ያገኙበት ቦታ ቁጭ ይሉባታል። ለመቀመጥ የመጣ ሰው ማለት እንዲህ ነው አልሁ በልቤ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልሁም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስዞር ለቁጥጥር የመጣሁ መስያለሁ። አንዱ ፍየል ሻጭ ሳልጠይቀው የፍየሉን አፍ ከፍቶ ጥርሱን አሳየኝ። ሦስት ጊዜ ዞርሁ። ማንንም ሰላም አላልሁም፤ ማንም ሰላም አላለኝም። ስድስት ሰዓት ሲሆን በቃ፣ አልቻልሁም አልሁ። የከሰዓቱን ሚኒባስ ይዤ ተመልሼ ባዶዋን መስመር ደብረ ማርቆስ ብዬ እሞላታለሁ ብዬ ወደ መናኸሪያው አቀናሁ።

«አንቺ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዬ ሴት ያለች መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ቅል ደርድራ የተቀመጠች በዕድሜ ገፋ ያለች የበና ሴት ነች፤ በጣቷ የምትጠቁመው ወደ እኔ ነው። «አንቺ፣ ባለ ኮቷ። ነይ። ጠዋት ጀምሮ ዞርሽ፣ ዞርሽ። ምን ጠፋሽ?»

ወደ እሷ ጠጋ አልሁ። ጂንካ በተመደብሁ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ከእናትሽ ጎን ፓፓያ ይዘሽ ተቀምጠሽ «አንቺ፣ የበሰለ ትፈልጊያለሽ?» ያልሽኝ ዕለት ትዝ አለኝ። እኛ አገር ወንድን አንቺ ማለት ለጠብ መጥራት ነው። ፊቴ ተለዋውጦ ስቆም ምን እንዳጠፋሽ ግራ ገብቶሽ አንድ ፓፓያ መረቅሽልኝ። አማርኛሽ ቢስተካከል ኖሮ የገዛሁትን ይዤ እሄድ ነበር፤ ሚስትም አላገኝም ነበር። በኋላ ከእኔ ከጎጃሜው የተሻለ አማርኛ ስትናገሪ እንኳ፣ ለሌላው ወንድ ሁሉ አንተ እያልሽ፣ ለእኔ ብቻ፣ ቤታችን ውስጥ፣ አንቺን አስቀረሽልኝ። ስትቆጪም አንቺ፣ ስታባብዪኝም አንቺ። ከሞትሽ ወዲህ ሁሉም ሰው ጋሼ፣ እርስዎ ነው የሚለኝ። አክብሮት ነው፣ አልጠላሁትም። ግን አንድ ሰው እንኳ እንዳንቺ አይጠራኝም።

እኔ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ቋንቋሽን ከሰላምታ አላሳለፍሁትም። አይከብደኝም ነበር። የተማረ ሰው ሆኜ ስሳሳት እንዳይሰሙኝ አፍሬ ነው። ይህን በቁምሽ አልነገርሁሽም፤ አሁን ልንገርሽ።

እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። አጠገቧ ጨው የምትሸጥ ወጣት ደንግጣ «አንቺ አይባልም፣ እርስዎ በያቸው እንጂ!» አለቻት። ተዪያት፣ እንዳለችኝ ትበለኝ አልሁ። ሴትዮዋ ቅሎቿን ወደ አንድ ወገን ሰብሰብ አድርጋ ማዳበሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝና የእህል መጠጣቸውን ቦርዴን በቅል ሰጠችኝ። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም። ስጨርስ ደገመችልኝ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጢሙን ያሳደገ አስጎብኚ ፈረንጆች አስከትሎ መጣ። ሴትዮዋን ፎቶ ሊያነሷት ነው። እሱም በትህትና ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ኮትዎ ፎቶው ውስጥ ገባብን» አለኝ። ለካ የቀይ አፈርን ባህል ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ፈቀቅ ማለት ደግሞ የለመድሁት ነገር ነው፤ ወዲያው ልነሳ ስል ሴትዮዋ የኮቴን ጫፍ ይዛ አስቀረችኝ። አስጎብኚውንም ቀና ብላ አይታ «አንቺ፣ ተዪያት» አለችው። «የእኛ ናት።»

እሱም ባለ ጢሙ አንቺ ሆነ። ጨው ሻጯ በሳቅ ፈረሰች፤ እሱም ሳቀ፣ እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ። ፈረንጆቹ ከነኮቴ አነሱኝ።

ነገሩን አላጋንነውም። ሴትዮዋ እኔን አታውቀኝም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ብታየኝ ላታስታውሰኝ ትችላለች። ነገር ግን ሰው እንዲጠራኝ የግድ አንቺ አጠገቤ መኖር አለብሽ ብዬ አምኜ ነበር፤ ያ እምነቴ ልክ እንዳልነበር ያን ቀን ገባኝ። እስከ ማታ አጠገቧ ዋልሁ። ላለፈው ላገደመው ሰላምታ ሰጠሁ፤ የቅል ዋጋ ለጠየቀ ወደ እሷ አሳየሁ። ከዚያም እስከ እሑድ ቆየሁ። የተለየ ነገር አልሠራሁም፤ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ አውቶቡስና ሎሪ ሲያልፍ አየሁ፤ ከጎኔ ከተቀመጠው ሁሉ ጋር አወራሁ። ሎሪ ማየት እረፍት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቼ ጂንካ ብዬ ጻፍሁበት። ለጌታሁን ደወልሁለት። ቁልፉን ምን እንደሚያደርገው ጠየቀኝ። አኑርልኝ፣ ለእረፍት እመጣለሁ አልሁት።

ወርቅነሽን ደግሞ ቋንቋችሁን አስተምሪኝ ብዬ ለመንኋት። በዚህ ዕድሜህ ምን ሊያደርግልህ ብላ ገላመጠችኝ፤ ከዚያ ግን እሺ አለች። ትናንት እንሰቱ ሥር ቆመን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሞከርሁ። «እህትሽ ናፍቃኛለች» ማለቴ ነበር። ምን እንዳልሁ እስካሁን አላውቅም። ወርቅነሽ መኮትኮቻዋን ጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ ቆይታ ቆይታ አለቀሰች።

አልረሳሽም፣ አስቱዬ። የምችለው አማርኛ አልቆብኝ አይደለም፣ ግን በእሱ ብቻ ቃል ልገባልሽ አልፈልግም። በየቀኑ፣ ሰው እየሰማኝ፣ ሳላፍር፣ በቋንቋሽ እየተሳሳትሁ አስታውስሻለሁ።

ባልሽ ታደሰ