የመሪው ብረት

መስከረም 21 ቀን 1973፣ ቢቸና

ትምህርት ተጀመረ። ዘንድሮም ሦስተኛ ክፍልን ሰጡኝ። ጠመኔ የለም፣ ይመጣል ተብሏል። መቼ? እንጃ። ጠዋት ዘነበ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች።

ስመለስ ፋንታ ጠዋት ባስቀመጥሁት ቦታ፣ ደጃፉ ላይ፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ምሳውን አልነካም። ሰው መጥቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አልመጣም እታለም።»

የዛሬ ንግግሩ ይኸው ነው። ወንድሜ እንዲህ አልነበረም... ከግብርና ቢሮ ሲመለስ ፉጨቱ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሚስቱ ስንቄ ገና ሳታየው «መጣ» ብላ ውኃ ልታቀርብ ትነሣለች። አሁን ስንቄ የለችም፣ አንድ እግሩም የለም፣ ፉጨቱም።

መስከረም 30

ከሞጣ የመጣች ጨው ነጋዴ ገበያ ላይ ጎትታ ወደ ዳር ወሰደችኝ። የስንቄ ወንድም ውበቴ ከቀብሩ ጀምሮ ጸጉሩን አልተላጨም አለች። ምን ማለት እንደሆነ አጥቼው ነው? የእህቱን ደም ሊመልስ ነው። ከወንድሜ።

«ሰክሮ ነድቶ ገደላት» ይላል አሉ። ይህን ማን ነገረው? አለበል። ያችን ትንሽ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ለፋንታ የሸጠለት አለበል፣ አሁን ሞጣ ላይ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኖ ሽጉጥ ታጥቆ የሚንጎራደደው። እኔ የሸጥሁለት መኪና እንከን አልነበራትም፣ ልጁ ጠጥቶ ነው እያለ በየለቅሶ ቤቱ ያወራል።

አደጋው በደረሰበት ቀን ባልና ሚስቱ ከሞጣ የተነሡት ከቅዳሴ ወጥተው ነው። ፋንታ በሰርጉ ዕለት እንኳ ብርዝ ነው የጠጣው...

ስሙን ስጽፍ እጄ ይግላል። አለበል።

ጥቅምት 8

ዛሬ ተናገረ። ሳልጠይቀው። እግሩን እያጠብሁለት ነበር።

«እታለም፣ እኔ አዙሬ ነበር።»

ምኑን አልሁት።

«መሪውን። ከደብረ ወርቅ ወዲህ ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ሲጠመዘዝ አዞርሁ። መሪው እጄ ላይ ባዶውን ዞረ፣ ጎማው እምቢ አለ። ወይስ ዘግይቼ ነው? አንዳንዴ የዘገየሁ ይመስለኛል።»

ከግንቦት ጀምሮ ይህን ለብቻው ሲያላምጥ ኖሯል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የሚያመው እግሩ መስሎኝ...

ጥቅምት 25

እህል የጫነ መኪና ጎማ ለመቀየር ቆሞ አገኘሁ። ሹፌሩ ሽማግሌ ነው፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ሲመላለስ ያረጀ። እንደዚያ ያሉ ትናንሽ የስፖርት መኪናዎች ችግራቸው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። መምህርት ምን ሊያደርግላት ነው ብሎ ሳይስቅብኝ ነገረኝ። ሆዳቸው ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ድንጋይ ይመታቸዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬናቸው ይግላል። ዝናብ ሲመታቸው አይነሡም። ይህ የሁሉም በሽታ ነው አለ። መሪ ግን? መሪ እንዲያው በባዶ አይዞርም፣ ከውስጥ የተበጠሰ ነገር ካልኖረ።

ሞጣ ላይ የተሸጠች ናት ስለው፣ ከመሸጧ በፊት የነካካት ካለ እዚያ ያለው መካኒክ ቀለሙ ነው፣ እሱን ጠይቂ አለኝ።

ኅዳር 7፣ ሞጣ

ቀለሙ ቀጭን ሰው ነው፣ የሰው ዓይን አያይም። ጋራዡ አጥርና ቆርቆሮ ብቻ። መጀመሪያ እንዲህ ያለች መኪና ነክቼ አላውቅም አለ። የፋንታን ቃል ስነግረው፣ መሪው ባዶውን ዞረ ስለው፣ መፍቻውን አስቀምጦ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ሁሉንም አወጣው። አለበል መኪናዋን ከአዲስ አበባ ሲያመጣ አስመጪዎቹ አስጠንቅቀውት ኖሯል። ፋብሪካው በዚያ ዓመት የሠራቸውን በሙሉ መልሱልኝ እያለ ነው፤ መሪውን ከፊት ጎማ የሚያያይዘው ብረት እየተሰነጠቀ ሰው ፈጅቷል፤ እዚህ ተዋት፣ ዕቃው ከውጭ ሲመጣ በነፃ እንቀይርልሃለን ብለውት። አልጠበቀም። ገዢ አግኝቶ ነበራ። ገዢው ወንድሜ።

«ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው» አለኝ ቀለሙ። «በይደውና ጥቁር ቀለም ቀባው፣ አፍህንም ዝጋ አለኝ። ይህ ብየዳ አይቆይም አልሁት። ግድ የለም፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቱ ነው የሚነዳት አለ።»

አንተስ አልሁት። ፈራሁ አለ። ያኔ ሰው በአንድ ቃል የሚታሰርበት ጊዜ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው አለ። መስክርልኝ ስለው እምቢ አለ፣ ልጆች አሉኝ ብሎ። መኪናዋን ግን አምጪልኝ፣ እንደ አዲስ አድርጌ እሠራልሻለሁ፣ ምንም አልጠይቅሽም አለ።

መኪናዋ ምን ታደርግልኛለች? ስንቄን ትመልሳለች?

ኅዳር 9

በጣቱ ዳሰሰው። በጣቱ።

መርዝ አሰብሁ። አዎ፣ አሰብሁ። ከማን ልደብቀው፣ ይህን የማነበው እኔው ነኝ። ቤቱን ማቃጠልም አሰብሁ፣ ግን ሚስቱ አለች... እሷ ምን አደረገችኝ?

ብገድለው ፋንታ ሰካራም እንደተባለ ይቀራል። ውበቴም ጸጉሩን አይላጭም። አይሆንም። ራሱ በገዛ አፉ ይናገር። ግን በምን?

ኅዳር 22

አገኘሁት። ክፍል ውስጥ ስለ ማባዛት እያስተማርሁ ድንገት መጣልኝ። መኪናዋ ታስፈልገኛለች።

ታኅሣሥ 20፣ ሞጣ

ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ስትዝግ የከረመችውን ስብርባሪ ቀለሙ በጭነት መኪና ወስዶ ሠራት። መሪው ላይ የከባድ መኪና ብረት ቀርጾ አስገባ። መንገዱ ቢፈርስ እንጂ ይህ አይሰበርም አለኝ። ከላይ ጥቁር ቀለም ቀባው፣ የድሮውን ይምሰል አልሁት። ለምን ብሎ ጠየቀ። አልነገርሁትም።

መንዳት እያስተማረኝ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ። መጀመሪያ ቀን ማርሹ አስቸገረኝ፣ ስንት ጊዜ ጠፋችብኝ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን አውርደው ተቀመጡና ያዩኝ ጀመር። ይዩኝ። ስንቄ የሞተችበት ወንበር ከጎኔ ነው። እሱን ሳየው እግሬ ነዳጁ ላይ ይጸናል።

ለፋንታ የአስተማሪዎች ስብሰባ ነው ብዬዋለሁ።

ጥር 12፣ ሞጣ

ጥምቀትን እዚህ አሳለፍሁ። ታቦቱ ሲመለስ አለበል ከሰው መካከል ወጥቶ መጣ። ካኪ ለብሷል፣ ወፍሯል።

«እንዴት ነሽ መምህርት? ፋንታስ? እግዜር ያበርታችሁ እንግዲህ።»

ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ነዎት አልሁት። ጎንበስ ብዬ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ በዚያው እጁ። ስንጥቁን በዳሰሰበት።

ቤት ገብቼ ትከሻዬን ታጠብሁ።

የካቲት 3

ደብረ ወርቅ ሄጄ መሪጌታ አካለ ወልድን አገኘሁ። የቅኔ መምህር ናቸው፣ ደም የተቃባ ሁሉ እሳቸው ደጅ ይመጣል። ውበቴንና ፋንታን ያስታርቁልኝ አልሁ። ሌሎች ሽማግሌዎች ከሞጣ እንዲመረጡ አደረጉ። ከተመረጡት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አለበል። ሊቀመንበር ነዋ፣ ያለ እሱ ስብሰባ የለም።

መሪጌታ ቅር ይልሻል ወይ አሉኝ።

ኧረ ደስ ይለኛል አልሁ። እውነቴን ነበር።

የካቲት 15፣ ሞጣ

ሌሊቱ ተጋምሷል። ቢሆንም ልጻፈው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ። መኪናዋን ራሴ እየነዳሁ መጥቼ አቆምኋት። ሰው አፉን ያዘ። ውበቴ ከፊት ነበር፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። ፋንታ ክራንቹን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። መኪናዋን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ቀድሜ ልነግረው ይገባ ነበር...

መሪጌታ መጀመሪያ አለበልን ጠየቁ። ጤነኛ መኪና ነው የሸጥሁለት፣ ስካር ነው የገደላት አለ። በሽማግሌ ድምፅ። እያዘነ።

ተነሣሁ። አለበል የተናገሩት እውነት ከሆነ ወንድሜ ጥፋተኛ ነው፣ ውበቴም የፈቀደውን ያድርግ አልሁ። ፋንታ ቀና ብሎ አየኝ። ቀጠልሁ። መኪናዋ ይቻት። በሯንና መስታወቷን አሠራሁ እንጂ ሌላው እሳቸው እንደሸጡልን ነው። ከጎኔ ይቀመጡና ቁልቁለቱን እስከ ወንዙ ወርደን እንመለስ። ጤነኛ ከሆነች ምን ችግር አለ?

ዋሸሁ። ታቦት ደጅ ቆሜ ዋሸሁ። አይጸጽተኝም።

አለበል መጀመሪያ ሳቀ። ሴት ከምትነዳው ጋር አልገባም አለ። እንግዲያው ራስዎ ይንዱ፣ እኔ ልቀመጥ አልሁት። ጉልበቴን ያመኛል አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሪጌታ በዝግታ፣ ለሰው ነፍስ ነውና ይግቡ አቶ አለበል፣ እኛም እንረፍ አሉ።

ተነሣ። እስከ መኪናዋ መጣ። የበሩን እጀታ ያዘ። አልከፈተውም። ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ አየሁ። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ እኔ ብቻ የምሰማው መስሎት፣

«ያ ብረት ተቀይሯል?»

«የትኛው ብረት?» አልሁ። ክፍል ውስጥ የኋላው ወንበር እንዲሰማ በምናገርበት ድምፅ።

እጁን ከእጀታው አነሣ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«እኔ እስካሁን ስለ ብረት አልተናገርሁም፣ ጋሽ አለበል። ማንም አልተናገረም። የትኛው ብረት ነው?»

ያኔ ከኋላ ቀለሙ ተነሣ። ይነሣል ብዬ አላሰብሁም ነበር። «እኔ ነኝ የበየድሁት፣ እሱ ነው ያዘዘኝ» አለ፣ ፋብሪካው መኪናዎቹን መልሶ መጥራቱንም፣ ሁሉንም ተናገረ። ድምፁ እየተቆረጠ።

ውበቴ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ። ወደ አለበል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ደረቱ ላይ ዘረጉበት። ተቀመጥ ልጄ አሉት። ተቀመጠ፣ እንደ ልጅ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። የፋንታ ክራንች ከእጁ ወደቀ። ውበቴ ነው አንሥቶ የሰጠው።

እኔ አላለቀስሁም። አለበልን ነበር የማየው። እንዴት ትንሽ ሆነ...

የካቲት 16

ፋንታ ሲመለስ ከጎኔ ተቀመጠ። ከደብረ ወርቅ ወዲህ ያ ቁልቁለት ጋ ስንደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ዞርን። ተስተካከልን።

«አልዘገየሁም ነበር» አለ። ለእኔ አይደለም የተናገረው።

መጋቢት 6

አለበልን ከሊቀመንበርነቱ አወረዱት፣ ሽጉጡን ተቀበሉት። ፖሊስ ይዞታል። ትናንት የሚሰግዱለት ዛሬ ድሮም እናውቀው ነበር ይላሉ። ቀለሙም ተጠይቋል፣ በዋስ ወጣ።

ተማሪዎቼ ዛሬ ለምን እንደምስቅ ጠየቁኝ። ስቄ ነበር እንዴ?

መጋቢት 24፣ ሞጣ

አለበል ከእስር ቤት ላከብኝ፣ ትምጣልኝ ብሎ። ሄድሁ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር፣ እምቢ ልለው ተዘጋጅቼ።

ከስቷል። ጢሙ አድጓል። አጥሩን ይዞ ሌላ ምንም ሳይል፣

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ተቀይሮ ነበር?»

እዚህ ሆኖ የሚያስበው ይህንኑ ነው። በከንቱ ይሁን የተዋረደው፣ ወይስ ከሞት ይሁን ያመለጠው። ስንቄን አልጠየቀኝም። የፋንታን እግር አልጠየቀኝም።

«ገብተው ቢሆን ያውቁት ነበር» ብዬው ወጣሁ።

ስሜን እየጠራ ነበር። አልዞርሁም። በዚህ ዓመት እንደዚያ ሰዓት ጣፍጦኝ የሄድሁበት መንገድ የለም።

መጋቢት 25

ለፋንታ ነገርሁት። ይስቃል ብዬ።

«ንገሪው እታለም» አለ።

ለምን?

«እኔ ሳላውቅ ኖሬ አይቸዋለሁ። ለማንም አይሆንም።»

ተናደድሁ። የማን ወገን ነህ አልሁት። ክራንቹን አንሥቶ ወደ ደጃፉ ወጣ። አልነግረውም። አልነግረውም።

ሚያዝያ 26

ውበቴ መጣ። ተላጭቷል፣ አላወቅሁትም ነበር። በግ እየጎተተ። ከፋንታ ጋር ደጃፉ ላይ ሲያወሩ ዋሉ፣ ስለ ስንቄ ልጅነት። ዛፍ ላይ ወጥታ መውረድ ስላቃታት ጊዜ... ፋንታ ሳቀ። ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ፣ ማማሰያውን ይዤ ቆምሁ።

ግንቦት 16፣ ሞጣ

የስንቄ ሙት ዓመት። እናቷ እመት ወለተ ሐና ባለፈው ዓመት ከቀብሩ ያስወጣችኝ ናት። ዛሬ ፋንታን ከጎኗ አስቀምጣ በእጇ አጎረሰችው። ፋንታ የስንቄን መቃብር ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ ስትቀበር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ብቻዬን ተዉኝ አለ፣ ተውነው።

የአለበል ሚስት ሀብትነሽ መጥታ ነበር። በሩ ጋ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። ማንም አላናገራትም፣ ማንም አላስወጣትም። ስወጣ ተከትላኝ መጣች። ባሏ አይበላም፣ አይተኛም፣ ያንኑ ይጠይቃል አለች። ምን ብዬ ልንገረው አለችኝ።

አየኋት። እጇ እንደተሰነጠቀ ሸክላ የሻከረ ነው። ብዙ ልላት ፈልጌ ነበር... ዓመቱን ሙሉ ያከማቸሁት ሁሉ አፌ ላይ መጣ።

«ተቀይሮ ነበር» አልኋት። «አይሞቱም ነበር በያቸው።»

ለእሱ ብዬ አይደለም። አልማርሁትም። ፋንታ ከመቃብሩ እየመጣ ስለነበር፣ እሷም እዚያው ቆማ ስለነበረች ነው።

ከዚያ እየነዳሁ ወደ ቢቸና ተመለስን። ከኋላችን ደመና ነበር፣ ፋንታ ዘንድሮ ክረምቱ ይበረታል አለ፣ ስለ ጤፉ አወራን፣ ስለ ጣሪያው አወራን። እቤት ገብቼ እራት አቀረብሁ፣ በላን። ያን ሰው ሳላስበው አመሸሁ... እዚህ እስክጽፈው ድረስ።