የትንንሾቹን ክፍል ከመዘጋት ያዳኑት የእናታችን የናንጋላ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ናንጋላ ከአባታቸው ከጃምፒጂንፓ እና ከእናታቸው ከናፓንጋርዲ እ.ኤ.አ. በ1951 በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ ስላልነበረ፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ እንደ ብዙዎቻችን ጁላይ አንድ ተብሎ ተጽፎላቸዋል።

በሰባት ዓመታቸው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ገቡ። በዋርልፒሪ ቋንቋችን መናገር የተከለከለ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ዝም አሉ። መምህራኑ ዝምታቸውን እንደ አላዋቂነት ቆጥረው ክፍል አስደገሟቸው። ይህ ነገር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከነክናቸው ኖሯል።

በ1970 ከብት ነጂውን አባታችንን ጁንጋራዪን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1974 ረዳት መምህርት ሆነው ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የአራት ዓመት ሕፃናት በገዛ ቋንቋቸው ትምህርት የሚጀምሩበትን ክፍል አቋቋሙ። ልጁን አርፍዶ ያመጣ ወላጅ ከምላሳቸው አያመልጥም ነበር።

በ1996 ሕፃናቱ ለአንደኛ ክፍል መድረሳቸውን የሚመዝን ፈታኝ ከከተማ መጣ። የውሻ ሥዕል እያሳየ፣ “ይህ ምንድን ነው?” ይል ጀመር። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር አይጠይቅም፤ ልጆቹ የሚያሾፍባቸው መስሏቸው አቀርቅረው ዝም አሉ። አሥራ አንዱም “አልደረሱም” ተባሉ፤ ክፍሉም ጥቅም የለውምና ይዘጋ ተባለ።

ናንጋላ እሳቸው እያስተረጎሙ ፈተናው እንዲደገም ሞግተው አስፈቀዱ። በዕለቱ ጠዋት ሕፃናቱን ሰብስበው፣ “ልጆቼ፣ ሰውዬው ምስኪን ነው። ውሻ እንኳ አያውቅም። ምን ይደረግ፣ እናንተው አስተምሩት!” አሏቸው።

ፈታኙ የውሻውን ሥዕል ዳግም ሲያሳይ፣ ከተፈታኞቹ አንዷ የነበረችው የልጅ ልጃቸው ናፑርሩላ ክንዱን ያዝ አድርጋ፣ “አይዞህ አጎቴ፣ ውሻ ነው የሚባለው። ይሄኛው ይናከሳል፣ ጅራቱን እንዳትነካ” አለችው። ሌሎቹም ለማስረዳት ተሻሙ፤ ምሳ ሰዓት አልፎም አልለቀቁትም። ክፍሉ ሳይዘጋ ቀረ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ናንጋላ ግን አለቀሱ። እሳቸው ልጅ ሳሉ እንዲህ የቆመላቸው ሰው አልነበረም።

ከ2013 ጀምሮ ከአገራቸው ርቀው አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ የኩላሊት እጥበት ሲያደርጉ ቆይተው፣ ሜይ 9 ቀን 2019 በ67 ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችና ዘጠኝ የልጅ ልጆች ትተዋል።

በወጋችን የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ናንጋላ የምንላቸው ብዙ ሴቶች በሚጋሩት የወገን መጠሪያቸው ነው። በክፍሉ በር ላይ ተጽፎ የነበረውን የራሳቸውን ስምም ቤተሰቡ በቀለም ሸፍኖታል። ክፍሉ ከቀብሩ በኋላ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል፤ አሥራ ስድስት ሕፃናት ተመዝግበዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ እኛ የማንጠራውን ስማቸውን እሱ ይጥራው።